ሳሙናው ነው ወይስ ውሃው? ስለ ደረቅ የጺም ሳሙና የአንባቢያን ጥያቄዎች

በብሩሽና በሳሙና መላጨት የጀመሩ አንባቢዎች ብዙ ጥያቄ ልከውልናል። ግማሹ «የትኛው ሳሙና ይበልጣል?» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «የተወራለትን ሳሙና ገዛሁ፣ አረፋ እምቢ አለኝ» የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄ ወደ አንድ ቦታ ስለሚያመራ የዛሬውን ዓምድ ለደረቆቹ ሳሙናዎች ብቻ ሰጥተነዋል። የቲዩብ ክሬምና በጣት የሚጫን ለስላሳ ሳሙና ሌላ ጊዜ ይመለስበታል።

ጥያቄ፦ ታባክ፣ ሚቸልስ፣ ሃስሊንገር፣ አርኮ እያሉ ወዳጆቼ ሁሉ የየራሳቸውን ያደንቃሉ። አንድ ብቻ ልገዛ ብል የትኛውን ትመርጡልኛላችሁ?
ብ.ተ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አንድ ብቻ ካሉ ታባክ። የምንመርጠው ከሁሉም ስለሚበልጥ ሳይሆን የተጠቃሚን ስህተት ስለሚታገሥ ነው። ብሩሹ ላይ ውሃ ቢበዛ፣ ቧንቧው ትንሽ ኖራ ቢኖርበት፣ እጅዎ ገና ለማጅ ቢሆን ታባክ አያሳፍርም። ሌሎቹ አንድ አንድ ነገር ከእሱ የተሻለ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ሁሉም የየራሳቸው ቅድመ ሁኔታ አላቸው።

ታባክ ኦሪጂናል የጀርመን ነው። ሽቶልበርግ ከተማ ያለው ሞይረር ኡንት ቪርትስ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በዚህ ስም ሽቶና የመላጫ ዕቃ ይሸጣል። ክቡ ሳሙና 125 ግራም ነው፤ ከነሳህኑም ያለ ሳህንም ይገኛል። እርጥብ ብሩሽ ከ20 እስከ 25 ሰከንድ ቢያሹበት ለሦስት ዙር የሚበቃ ሳሙና ይይዛል። ችግሩ ሽታው ነው። ዱቄትና ቅመም ያለው የድሮ ሽቶ ቤት ሽታ ስለሆነ ለአንዱ የአባቱ ትዝታ ነው፣ ለሌላው ራስ ምታት። ፊት ላይ ስለሚቆይም «እለምደዋለሁ» ብሎ መግዛት አያዋጣም፤ አስቀድመው ያሽትቱት። ሌላም ነገር አለ፦ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅመራው ከእንስሳ ሞራ ወደ ዕፅዋት ዘይት ተቀይሯል። አዲሱም እንደ ድሮው ቶሎ አረፋ ይሠራል፤ ከተላጩ በኋላ ግን ቆዳን ትንሽ ደረቅ አድርጎ ይተዋል። ማሸጊያው ላይ «ታሎዌት» የሚል ቃል ካለ የድሮው ነው።

ሚቸልስ ዉል ፋት የሚመጣው የሱፍ ፋብሪካዎች መናኸሪያ ከነበረችው ከእንግሊዟ ብራድፎርድ ነው፤ ስሙም ከዚያው ነው። ከበግ ፀጉር የሚወጣው ላኖሊን የሚባለው ቅባት አለበት። እሱም 125 ግራም ነው። ከተላጩ በኋላ ቆዳን በማለስለስ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚወዳደረው የለም፤ ሽታውም ስስና ንጹሕ ነው። ላኖሊን ግን ቅባት ነው፤ ቅባት ደግሞ አረፋን ያፍናል። ስለዚህ ሚቸልስ ጥሩ ውሃና ትዕግሥት ይጠይቃል። በጥሩ ውሃ ንጉሥ ነው፣ ኖራ በበዛበት ውሃ ግን ያናድዳል። ላኖሊን የሚያሳክካቸው ሰዎችም ስላሉ ቆዳዎ ቁጡ ከሆነ መጀመሪያ ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይሞክሩት።

ሃስሊንገር የኦስትሪያ ሲሆን 60 ግራም ብቻ ነው። የበግ ወተት፣ እሬት፣ የባሕር አረም፣ ማርና ሌሎችም ዓይነቶች አሉት። የበግ ወተቱን እናስቀድማለን። ከዕፅዋት ዘይት የተሠራ ነው፣ አረፋው ቶሎ ይመጣል፣ ሽታውም አይጮኽም። ትንሽነቱ ጥቅምም ጉዳትም አለው፦ ተራ የሻይ ኩባያ ውስጥ ይገባል፣ ለጉዞም ይመቻል፤ ትልቅ ብሩሽ ላለው ሰው ግን ጠባብ ነው፣ አረፋውም በጠርዙ ይፈስሳል። ጀማሪ ሆነው የታባክን ሽታ ካልወደዱ ያለ ማመንታት እዚህ ይሂዱ።

አርኮ የቱርክ ነው፤ 75 ግራም የሚመዝን ዘንግ ሆኖ ይሸጣል። ከአራቱ ርካሹ ነው፤ ምላጭን በማንሸራተት ግን ውድ ሳሙናዎችን ያሳፍራል። የሚነቀፈው ሽታው ነው፤ ሎሚ ሣርና የልብስ ሳሙና የተቀላቀሉ ይመስላል። ማሸጊያውን አውልቀው አየር በሚገባበት ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢያስቀምጡት ይበርድለታል። ብዙ ላኖሊን ወይም ማለስለሻ ስለሌለው ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው ከተላጨ በኋላ ቅባት ያስፈልገዋል።

ገንዘብ ለማይቸግረው ሁለት ስም እንጨምር። ለንደን ሴንት ጄምስ ጎዳና ላይ ያለው ዲ. አር. ሃሪስ እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ የቆየ የመድኃኒትና የሽቶ ቤት ነው፤ ሳሙናው 100 ግራም ሆኖ በእንጨት ሳህን ይሸጣል። ሳሙናው ጥሩ ነው፤ እንጨቱ ግን ውሃ ተኝቶበት ካደረ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ሳሙናውን ወደ ሸክላ ሳህን አዛውረው እንጨቱን ለጌጥ ይተዉት። የፈረንሳዩ ማርታን ደ ካንድር ደግሞ በፋብሪካ ማሽን ከመዳመጥ ይልቅ በትልቅ ማሰሮ እየተቀቀለ ለወራት የሚደርቅ ሳሙና ነው። በ15 ሰከንድ ማሸት ብሩሹን ይሞላዋል። በእኛ ግምት ከሁሉም ጥሩውን አረፋ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ዋጋው ግን ብዙ ያሳስባል።

ስለ ዋጋ ካነሣን፣ በአንድ ጊዜ መላጨት የሚያልቀው ከግማሽ እስከ 1 ግራም ነው። 125 ግራሙ በቀን አንድ ጊዜ ለሚላጭ ሰው ከአራት እስከ ስምንት ወር ያገለግላል ማለት ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ካለዎት ሳሙናውን ደረቅ ሳለ መዝነው ከ20 ቀን በኋላ ደግመው ይመዝኑት። ከ10 ግራም በታች ካለቀ ብሩሽዎ የሚይዘው ሳሙና ማነሱን ይወቁ። አረፋው የሚፈርሰውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሚቸልስ ከውጭ አስመጣሁ። የተባለውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ አረፋው እንደ ዕቃ ማጠቢያ ትልልቅ ሆኖ ይነሣና ገና አገጬ ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። ሳህኑ ዳር ላይ ነጭ ዝቃጭ ይቀራል። ሳሙናው ተመሳስሎ የተሠራ ይሆን?
ኪ.ገ.፣ ከመቀሌ

መልስ፦ ሳሙናው አይመስለንም፣ ውሃው ነው። ነጩ ዝቃጭ ራሱ ምስክር ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ ካልሲየምና ማግኒዥየም ከሳሙናው ጋር ሲገናኙ የማይሟሟ ቅንጣት ይሠራሉ። ቅንጣቱ ራሱ ሳሙና ከመብላቱ ይልቅ የሚከፋው የቀረውን አረፋ መበሳቱ ነው። እናቶቻችን «ይህ ውሃ ሳሙና አይቀበልም» የሚሉት ይህንኑ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ሁለት ንጹሕ የላስቲክ ጠርሙስ ይውሰዱ። በአንዱ 100 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው ያንኑ ያህል የዝናብ ውሃ ወይም ማዕድኑ ያነሰ የታሸገ ውሃ ያድርጉ። በሁለቱም የምስር ፍሬ የምታህል የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምረው 20 ጊዜ ይናጡ። በቧንቧው ውሃ ላይ ግርጌው ወተት መስሎ አረፋው ካነሰ ጥፋተኛው ተገኘ። የታሸገ ውሃ ስንል አምቦ ውሃ አይደለም፤ አምቦ ማዕድኑ የበዛ ስለሆነ ከቧንቧው የባሰ ነው።

መቀሌ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የአካባቢው ድንጋይ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ነው። ከኖራ ድንጋይ የሚመጣው ካልሲየም ውሃው ሲፈላ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ላይ ይቀራል፣ ውሃውም ይሻሻላል። ከጂፕሰም የሚመጣው ግን ቢያፈሉትም ከውሃው አይወጣም። ድሬዳዋ ያለ ሰው ውሃውን 10 ደቂቃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞና አጥልሎ ብዙ ለውጥ ሊያይ ይችላል፤ እርስዎ ግን በማፍላት ብቻ አይገላገሉም። የክረምት የጣራ ውሃ በጀሪካን ማስቀመጥ ይሻልዎታል።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ለመላጨት የሚሆነውን ውሃ በሙሉ መቀየር አያስፈልግም። አረፋውን ለመሥራት የሚገባው ውሃ በጠቅላላው ከ50 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ከአንድ የቡና ሲኒ እምብዛም አያልፍም። ብሩሹን የሚነክሩበትና አረፋው ላይ የሚጨምሩት ብቻ ጥሩ ውሃ ይሁን፤ ፊት መታጠቡም ምላጭ ማለቅለቁም በቧንቧ ይሁን። አምስት ሊትር የዝናብ ውሃ ለሦስት ወር ይበቃል።

ይህ ሁሉ የሚያደክም ከሆነ ሚቸልስን ለሚያዝያና ለክረምት አቆይተው ለዕለቱ ታባክ ወይም ሃስሊንገር ይያዙ፤ ማሸቱንም በ10 ሰከንድ ያስረዝሙ።

የሌሎቹን ከተሞች ጠያቂዎችም እግረ መንገዳችንን እንመልስ። አዲስ አበባ ውስጥ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ሚቸልስ ይስማማዋል፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድኑ ይበዛል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ ቢበዛበትም ካልሲየሙ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ጥርስ ያበላሻል እንጂ ሳሙና አይነካም። ለንደን ያላችሁ ውሃችሁ በኖራ የታወቀ ነው። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ከባሕር የተጣራ ለስላሳ ውሃ ስለሚደርሳችሁ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው፦ አረፋው ቶሎ ይበዛል፣ በሳሙና ሳይሆን በአየር ይሞላል። እናንተ ውሃውን ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ አረፋው ሳህን ውስጥ ያምራል። ፊቴ ላይ ግን ግራ ጉንጬን ጨርሼ ወደ ቀኙ ስዞር ደርቆ ይቆየኛል። ታባክ ነው የምጠቀመው።
ሰ.ወ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ሳህን ውስጥ የሚያምር አረፋ ብዙ ጊዜ ውሃ የጠማው አረፋ ነው። እንደ ተመታ እንቁላል ነጭ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፎቶ ያምርበታል፣ ምላጭ ግን አያንሸራትትም። የሚፈለገው መልክ እርጎ ነው፦ የሚያብረቀርቅ፣ ከብሩሹ ላይ የማይንጠባጠብ፣ ጫፉ ግን ጎንበስ የሚል።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያድርጉ። ብሩሹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ የአሳማ ፀጉር ከሆነ አምስት ደቂቃ፣ ባጀር የሚባለው የዱር እንስሳ ፀጉር ከሆነ ሁለት፣ ሰው ሠራሽ ከሆነ እርጥብ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። በዚያው ጊዜ ሳሙናው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ያፍስሱ፤ የፈላ አይሁን። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ውሃው ወተት መስሎ ያገኙታል። አይድፉት፤ ጺምዎን ይቀቡት፣ ያለ ወጪ የተገኘ ማለስለሻ ነው።

ብሩሹን ሦስት አራት ጊዜ አጥብቀው ያራግፉ። ብዙ ሰው ይህንን ይዘልላል፤ ውሃ የሞላው ብሩሽ ከሳሙናው ላይ የሚያነሣው አየር ያዘለ አረፋ ብቻ ነው። አሁን ሳሙናው ላይ እያዞሩ ይሹ፦ ታባክ 25 ሰከንድ፣ ሚቸልስ ከ40 እስከ 60። በልብዎ አይገምቱ፣ ይቁጠሩ። የብሩሹ ጫፎች ተጣብቀው እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ነገር ሲይዙ ሳሙናው በቅቷል።

ከዚያ ውሃ ነው። በግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም በ2 ሚሊ ሊትር ተኩል ገደማ፣ እየጨመሩ እያንዳንዱን ለ15 ሰከንድ ያዋሕዱ። ከአራተኛው በፊት ያቆመ ሰው አረፋው ደረቅ ነው ብለው ይገምቱ፤ ደረቅ ሳሙና ስድስትም ሰባትም ይጠጣል። በሁለት ጣት መካከል ትንሽ አሽተው ይፈትኑ፦ ከተጣበቀ ውሃ ጨምሩ፣ ካንሸራተተ ደርሷል፣ ትልልቅ አረፋ ሆኖ ከፈሰሰ ውሃው በዝቷል። ከበዛ ውሃውን ከመድፋት ብሩሹን መልሰው ሳሙናው ላይ 10 ሰከንድ ማሸት ነው መድኃኒቱ። ብዙ ሰው «ውሃ በዛ» የሚለው አረፋ በእውነቱ ሳሙና ያነሰው ነው።

የቀረው ልምድ ነው። በአሜሪካ የብርድ ወራት ቤቱ በማሞቂያ ሲደርቅ ወይም በደጋው የበጋ አየር ላይ ጥሩ አረፋም ቶሎ ይደርቃል። ፊቱን ሁሉ በአንዴ ከመቀባት ግማሹን ቀብተው ይላጩ፣ ከዚያ ሌላውን። ብሩሹን ጫፉን ብቻ ውሃ አስነክተው አንድ ጊዜ ቢያልፉበትም የደረቀው አረፋ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የገላ ሳሙናም ሳሙና ነው፣ የጺም ሳሙናም ሳሙና ነው። ለምን ሌላ ልግዛ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ የገላ ሳሙና በኮስቲክ ሶዳ፣ በሶዲየም ማለት ነው፣ የተሠራ ነው። አረፋው ቶሎ ይነሣል፣ በደቂቃ ውስጥም ይፈርሳል፤ ሊታጠብ የተሠራ ስለሆነ እንዲቆይ የፈለገው የለም። የጺም ሳሙና ላይ ሶዲየሙን የሚረዳ ፖታሲየም ይጨመራል፤ ፖታሲየም ሳሙናውን ቶሎ እንዲሟሟና ብዙ ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ስቴሪክ አሲድ የሚባለው ጠንካራ ቅባት በብዛት ይገባበታል፤ አረፋውን የሚያወፍረውና ሳይፈርስ የሚያቆየው እሱ ነው። ከዚያም ሳሙናው በብረት ሲሊንደሮች መካከል ደጋግሞ ተዳምጦ፣ አየሩና ውሃው ወጥቶ ይታተማል። ወራት የሚያቆየው ይኸው ነው። ሌላ ከሌለ በገላ ሳሙና ይላጩ፤ ግን ሦስት ጊዜ እየደገሙ እየቀቡ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ብሩሹ የአሳማ ፀጉር፣ ሳሙናውም የእንስሳ ሞራ ነው ይባላል። እንዴት ልለይ?
አ.ሙ.፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ብያኔው የዑለማዎቹ ነው፤ እኛ ማሸጊያውን እናንብብልዎ። «ሶዲየም ታሎዌት» ወይም «ፖታሲየም ታሎዌት» ካለ የእንስሳ ሞራ አለው። አብዛኛውን ጊዜ የከብት ወይም የበግ ነው፤ ቃሉ ግን እንስሳውንም አስተራረዱንም አይነግርዎትም። የአሳማ ስብ «ላርዴት» በሚል ቃል ይጻፋል። «ፓልሜት» የዘንባባ ዘይት፣ «ኮኮዌት» የኮኮናት ዘይት ነው። «ስቴሬት» ግን ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ስለሚችል ቃሉ ብቻውን አይበቃም። ከላይ ካነሣናቸው ሚቸልስና አርኮ ሞራ አላቸው፤ ሃስሊንገር፣ ማርታን ደ ካንድርና አዲሱ ታባክ ከዕፅዋት ናቸው። ሃስሊንገር ላይ የበግ ወተት ያለበት ዓይነት መኖሩን ከላይ ብለናል።

ብሩሹ ላይ «ቦር» ወይም «ብሪስል» ከተባለ የአሳማ ነው። ተኪው ሁለት ነው፦ የፈረስ ጋማና ጭራ፣ ወይም ሰው ሠራሽ። ሰው ሠራሹን እንመርጥልዎታለን፤ ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸትም፣ በኖራ ውሃም አይጎዳም። ጥቅጥቅ ያለውና መሠረቱ 24 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ለደረቅ ሳሙና ይበቃል። ፀጉሩ ውሃ ውስጡ ስለማይመጥጥ ግን የያዘውን በአንዴ ይለቅቃል፤ ከሌላው ብሩሽ ሁለት ጊዜ አብልጠው ያራግፉት።

ጥያቄ፦ በተላጨሁ በሁለተኛው ቀን አንገቴ ላይ ብጉር ይፈላል። ጺሜ ጠምዛዛ ነው። የትኛው ሳሙና ያድነኛል?
ከአዳማ

መልስ፦ የትኛውም። ይህ ብጉር አይደለም፤ የተቆረጠው ጠምዛዛ ፀጉር ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ሲገባ የሚፈጥረው እብጠት ነው። ጠምዛዛ ፀጉር ያለን ሰዎች ላይ ይበዛል። ሳሙና የሚያግዘው ምላጩ ሳይጎትት እንዲያልፍ ብቻ ነው፤ ሥራው ያለው አቆራረጡ ላይ ነው።

ሦስትና አምስት ምላጭ የተደረደረበትን መላጫ ይተዉ። የፊተኛው ፀጉሩን ሲጎትተው የኋለኛው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፣ ጫፉም እዚያው ተቀብሮ ይበቅላል። አንድ ምላጭ ብቻ ያለው መላጫ ይያዙ። ጺምዎ በደረቁ ሳለ በጣት እየዳበሱ ወዴት እንደሚተኛ ይወቁ፤ አንገት ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ነው። በተኛበት አቅጣጫ ብቻ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩ፣ ሳይጫኑ፣ አንድ ዙር ይላጩ። በተቃራኒው አይመለሱ፤ ከሰዓት በኋላ እጅዎ ትንሽ ሻካራነት ቢሰማው ይሻላል። ያበጠው እስኪበርድ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት በፀጉር ቤት ማሽን አሳጥረው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ትተው ይቆዩ። መግል ከያዘ ወይም ጠባሳ እያበጀ ከሄደ ለቆዳ ሐኪም ያሳዩ።

ከሳሙናዎቹ ለእርስዎ አርኮ ወይም ሚቸልስ ይስማማል፤ ሁለቱም በደንብ ያንሸራትታሉ። ሽቶው የበዛውን ያቆዩት።

ጥያቄ፦ አርኮ በዘንግ ነው የመጣው። ሳህን ውስጥ ላቅልጠው?
ከጅዳ

መልስ፦ አያቅልጡት። ተዳምጦ የተሠራ ሳሙና እሳት ላይ ሲቀልጥ ያለ እኩልነት ይቀልጣል፣ ከሥር ያራል፣ ሲቀዘቅዝም ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ቶሎ ያልቃል። በዘንግነቱ ለመጠቀም ፊትዎን በሙቅ ውሃ አርጥበው ጺሙን በተቃራኒው አቅጣጫ በስሱ ይቀቡት፤ ጺሙ ራሱ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ሁለት ጊዜ ማለፍ ይበቃል። ከዚያ በእርጥብ ብሩሽ አንድ ደቂቃ ተኩል ፊት ላይ ያንሡት። አንገትና አፍንጫ ሥር ዘንጉ ስለማይደርስ ብሩሹ ያዳርሰው።

ሳህን ካማረዎት የካሮት መፋቂያ ላይ ፍቀው፣ ጥቂት ጠብታ ሙቅ ውሃ አርከፍክፈው ሳህኑ ላይ በማንኪያ ጀርባ ወይም በአውራ ጣት አጥብቀው ይጫኑት። አንድ ቀን ተከፍቶ ይደር። ሁለት ዘንግ 150 ግራም ይሆናል፤ አንድ ሰፊ ሳህን ይሞላል።

ጥያቄ፦ ሳሙናዬ ሳህኑ ውስጥ እየተሽከረከረ አስቸገረኝ፤ መሐሉም ተሰነጠቀ። ከተላጨሁ በኋላ ሸብ (አሉም የሚባለውን ድንጋይ) ስጠቀምም ብሩሹ ላይ ነጭ ነገር ይጣበቃል።
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ስንጥቁ አያሳስብዎት። ሳሙናው ሲረጥብ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሥራው አይቀየርም። የሚሽከረከረው ከሥሩ ውሃ ስለሚገባ ነው። አውጥተው ሥሩን በሙቅ ውሃ አርጥበው ለ10 ሰከንድ ካሹት በኋላ መልሰው ይጫኑትና ሌሊቱን ሳይነኩ ይተዉት፤ ይይዛል። የተላቀቀ ቁራጭ ካለ ፍቀው ስንጥቁ ውስጥ ይጠቅጥቁት። በየጊዜው ከተላጩ በኋላ የተረፈውን ውሃ ደፍተው ክዳኑን ክፍት ይተዉ፤ ረጥቦ የተከደነ ሳሙና ላዩ ይላቆጣል፣ ይሸታልም።

ሸብ ሳሙናን ይሰብራል። ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ልክ እንደ ካልሲየሙ ነጭ ቅንጣት ይሠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሩሹን አጥበው ይስቀሉ፣ ፊትዎንም አረፋው እስኪጠፋ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቁ። ከዚያ ሸቡን አርጥበው ያሳልፉ፣ 30 ሰከንድ ቆይተው ይታጠቡት። የነካውን እጅዎን ሳይታጠቡ ሳሙናውን አይንኩ። ብሩሹ ላይ የተጣበቀውን ለማስለቀቅ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምረው ፀጉሩን ብቻ፣ መያዣው ሳይነካ፣ ለአምስት ደቂቃ ይንከሩና በደንብ ያለቅልቁ። በማግሥቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ገና አልለቀቀምና አንድ ጊዜ በሳሙና አረፋ አሠርተው ይድፉት።